ለጭንቅ ቀን ብቻ

ኅዳር 3

እንደ ሁልጊዜው ያለ ቀን። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ነቃ፣ ቀድሞም አማረረ። አለቃ ደግሞ ከሁለታችንም ቀድማ ተነስታ የሹራቧን ቁልፎች አዛንፋ ስትቆልፍ አገኘኋት። ሚስቴን አለቃ ማለት የጀመርኩት በተጋባን ማግሥት ነው። እስካሁን ሥልጣን አልለቀቀችም።

"አዲስ አቆላለፍ ነው?" አልኳት።

"ጠዋት ጠዋት ያንተን ፊት የሚያይ ሰው እጁ ቢስት ይፈረድበታል?"

ደህና ናት ማለት ነው። ስትሰድበኝ ደህና ናት። በትሕትና ስታናግረኝ ነው ሆዴ የሚባባው... ባለፈው ሳምንት፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ የዚህ ቤት ሰዎች መቼ ይመለሳሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። በዕድሜዋ ጌታዬ ብላኝ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሽቦ መጣች። የልጄ ልጅ። ቀጭን ስለሆነች ነው ሽቦ ያልኳት፤ ኋላ አድጋ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሥራት ስትማር፣ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ተኩራራሁ። ከቦርሳዋ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር አወጣች። ራሷ የሠራችው ነው። አለቃ የት እንዳለች የሚናገር።

ያስፈልጋል። አለቃ ባለፈው ወር ከቤት ወጥታ ግማሽ ቀን ጠፍታብን ነበር። የሽቦ እናት፣ ሌላ ከተማ ያለችው ልጄ፣ በስልክ ፈረደችብኝ። "አባዬ፣ እማዬ ሁለተኛ ከጠፋች እዚህ እኔ ጋ አመጣታለሁ" አለች። ዳኛዋ እላታለሁ፤ ይግባኝ የሚባል ነገር አታውቅም። ስለ እኔ ያለችው ነገር የለም። ሻንጣ ውስጥ ደግሞ አልገባም።

ቤት ቆልፌ ላስቀምጣት ሞክሬ ነበር። በሩን እየደበደበች አለቀሰች። ሁለተኛ አልሞክረውም።

ዕቃውን ሰላይ አልኩት። ሽቦ አስረዳችኝ። ሰላዩ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚውለው።

"እንደኔ ነዋ።"

"አንተ ስትተኛ ታንኮራፋለህ አባባ። እሱ ሲተኛ ባትሪ አይበላም።"

በየግማሽ ሰዓቱ ይነቃል። የት እንዳለ ከሳተላይት ይጠይቃል፣ ለስልኬ ባጭሩ ይልካል፣ ተመልሶ ጥቅልል። ውስጡ ካለው ሁሉ የማትተኛ አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ ሰዓቷ። ቀስቃሿ እሷ ናት። የምትበላው ከወፍ ያነሰ ነው አለች። ሌላው ግን አንዴ ከነቃ እንደ ሠርገኛ ይበላል። "እና እንቅልፉን አክብርለት" አለችኝ።

ስልኬ ላይ ደግሞ "የት" የምትል ቁልፍ አስገባችልኝ። ስጫናት ሰላዩ ተቀስቅሶ እዚያው ይመልሳል።

"ይቺ ለጭንቅ ቀን ብቻ ናት።"

"የጭንቅ ቀን በምን ይታወቃል?"

"ስትጨነቅ ነዋ።"

ልጅ ናት። እኔ ያልተጨነቅኩበት ቀን የትኛው ነው ልላት ነበር... ተውኩት።

ኅዳር 4

ሰላዩን አለቃ ቀበቶ ላይ አሰርኩት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሜዳሊያ። ይህን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር ስለኖርሽ።"

አገላብጣ አየችው። "እንዲህ ትንሽ?"

ቁልፏን አንዴ ተጫንኩ። ለሙከራ ነው። ሰላዩ ቤት ናት አለኝ። አጠገቤ ተቀምጣ ካልሲ እየጠቀለለች ነበር። ቢሆንም ደስ አለኝ። ሌላ ሰው ሲመሰክር ደስ ይላል።

ኅዳር 6

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ። መቀስ ነው የምለው፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። ፀጉር የለኝም፣ ለወሬ ነው የምሄደው። ነጩን ጨርቅ አንገቴ ላይ አሰረልኝ፣ እኔ ከጨርቁ ሥር ስልኬን ይዤ "የት" እያልኩ እጫናለሁ።

"ምነው ጋሼ፣ እጅዎ ውስጥ ውስጡን ይርመሰመሳል?"

"እያከክሁ ነው። አንተ ሥራህን ሥራ።"

ቆይቶ፣ "ባለቤትዎን ትናንት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ብቻቸውን ቆመው አየኋቸው፣ ሰላም ናቸው?" አለኝ። መቀስ ደግ ሰው ነው። ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ቀልድ ነው። "አለቃ የሥራ ጉብኝት ላይ ናት" አልኩት። "ሰፈሩን እየተቆጣጠረች ነው። የቆሸሸ ሱቅ ታሽጋለች፣ ተጠንቀቅ።"

የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ብቻዬን ሳስበው አላሳቀኝም። ምን ልበል? ያቺ ጎረምሳ ሁሉ ጥላዋን ሲያይ የሚደነግጥላት፣ ያቺ አንደበተ ርቱዕ... ስሟን ትረሳለች ልበል?

ዛሬ ስንቴ እንደተጫንኩ አላስታውስም። ለማስታወስም አልሞከርኩም።

ኅዳር 9

ሦስት ቀን ይቆያል የተባለው ባትሪ ቻርጅ ካደረግኩት አንድ ቀን ሳይሞላው ምልክቱ ቀላ። ሽቦን ጠራኋት። የሠራሽው ዕቃ ሆዳም ነው አልኳት። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታችው፣ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችው፣ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"አባባ፣ ቁልፏን ስንት ጊዜ ተጫንክ?"

"ጥቂት።"

"ጥቂት ማለት ስንት ነው?"

"ከብዙ ያነሰ።"

ከንፈሯ ሳቀ፣ ዓይኗ አልሳቀም። ቤት ውስጥ ሲሆን ሰማዩ ስለማይታየው ሳተላይት ፍለጋ ብዙ ይደክማል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚበላው ያኔ ነው አለች። ማለትም አለቃ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ስጫን ነው ባትሪውን የጨረስኩት። ከዚያ ያለችው ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

"አሁን የት እንዳለች ባወቅህ ቁጥር ኋላ የማታውቅበትን ጊዜ እያስረዘምክ ነው።"

አንዳንድ ነገር አስተካከለች። ሰዓቷ በየጊዜው ከሳተላይት ጋር የምትመሳከርበትን አስቀረችው፣ እሱም ይበላል ማለት ነው። "ትንሽ ትዘገያለች፣ በተለይ ብርድ ሲሆን። ግድ የለም" አለች። አንድ ነገር ደግሞ ጨመረችበት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰላዩ ሁሉን ይዘጋና ሰዓቷን ብቻ ይዞ ይተኛል። ማታ ከመምጣቱ በፊት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በቀረችው አቅም አንዴ ነቅቶ ያለበትን ይልካል።

"ኑዛዜ በይው" አልኳት።

"ኑዛዜ አትበለው። ደስ አይልም።"

ኅዳር 10

ዛሬ አልተጫንኩም።

...እስከ ረፋድ።

ኅዳር 12

ዳኛዋ ደወለች። "እማዬ እንዴት ናት?" "እዚሁ አጠገቤ ናት፣ ደህና ናት" እያልኩ በሌላው እጄ ልጫን ስል ትዝ አለኝ፣ ለካ የያዝኩት ስልኩን ራሱን ነው። አለቃ ከእጄ ወሰደችው። በጣም በጥሩ ድምፅ አናገረቻት። ልጆችሽ ደህና ናቸው? ሥራ እንዴት ነው? እኔም ተመስገን ማለት ጀምሬ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን፣ "እናትሽስ ደህና ናት?" ብላ ጠየቀቻት።



ስልኩን ተቀበልኩ። "እየቀለደች ነው፣ ከእኔ ተጋብቶባት" አልኩ።

"አባዬ..." አለች፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር አላለችም። ቀጥላ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቀን መጥታ እጇን ይዛ ትወስዳታለች። አለቃም ልብሷን ለብሳ፣ ይቅርታ ጌታዬ ብላ፣ በትሕትና ተሰናብታኝ ትሄዳለች። ይህን ነው የምፈራው። መሄዷን ብቻ አይደለም፣ ትሕትናዋን።

ኅዳር 15

ብርድ። ሰላዩ ደህና ነው፣ አለቃ ደህና ናት። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሰላዩ ይተኛል፣ እኔ እንደዚያች ሰዓት ሆኛለሁ... ልዩነቱ፣ እሷ ጥቂት ትበላለች፣ እኔን ግን ጭንቀት እየበላኝ ነው።

ኅዳር 17

እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው የምጽፈው። ሥራ ከፈታ ቁልፏን ይጫናል።

አለቃ የለችም።

ከምሳ በኋላ ሸለብ አደረገኝ። የሌሊቱ እንቅልፍ በቀን ዕዳውን ጠየቀኝ። ስነቃ ወንበሯ ባዶ፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ስልኬን አየሁ። ሰላዩ ከረፋድ ጀምሮ ዝም ብሏል። የመጨረሻ መልእክቱ ባትሪ ሊያልቅ ነው የሚል ነው። ጠዋት ምን አድርጌ ነበር? ስትታጠብ ተጫንኩ። ልብስ ስታሰጣ ተጫንኩ። በመስኮት እያየኋት ተጫንኩ። በመስኮት እያየኋት...

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ፈሪው ራሱ ነው ተሸክሞ የሚያመጣው።

ባዶ ወንበሯን አይቼም ተጫንኩ። ደግሜ ተጫንኩ። ምንም። ሽቦን ደወልኩላት።

"ስማኝ አባባ። አልሞተም። ሁሉን ዘግቶ ሰዓቷን ብቻ ይዞ ተኝቷል። የደከመ ባትሪ ሲያርፍ ትንሽ ያገግማል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ቃል መናገር ይችላል። ግን እንዳትጫን። የላክኸው ጥሪ ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሲነቃ መጀመሪያ እሱን ልመልስ ይልና ያችን የቀረችውን ይጨርሳታል።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ተጭነሃል?"

"አንዴ።"

"አባባ።"

"ሰባት... ስምንት ይሆናል።"

ስትተነፍስ ሰማኋት። አልተቆጣችም። የተጠራቀሙትን ጥሪዎች ለመሰረዝ እሞክራለሁ፣ ቃል ግን አልገባም አለችኝ። ወዲያው ከሥራ ወጥታ እየመጣች ነው።

እኔ መቀስ ጋ ሮጥኩ። ሩጫ ከተባለ።

"አየኋቸው እኮ ጋሼ" አለኝ። "ቅድም ታክሲ ተሳፈሩ። ጉብኝት ላይ ናቸው ብዬ... መልካም ጉብኝት አለቃ አልኳቸው። እጃቸውን አወዛወዙልኝ።"

 ሊያቆማት ይችል ነበር። እጇን ይዞ፣ ቁጭ በይ፣ ውኃ ጠጪ ብሎ ሊያቆያት ይችል ነበር። ታክሲው ላይ ያሳፈራት የእኔ ቀልድ ነው።

ነገርኩት። "ታማለች" አልኩ። "ቤቷን አታውቀውም። አንዳንድ ቀን እኔንም አታውቀኝም።" እንዴት አጭር ነገር ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ አፌ ውስጥ ይዤው ስዞር ድንጋይ ያህል ይመስለኝ ነበር። ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ የተቀመጠ ደንበኛ ነበር፤ አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ ተነሳና፣ "መኪና አለኝ" አለ። ሁለቱ የታክሲውን መስመር ተከትለው ሄዱ። እኔን ቤት ተቀመጥ አሉኝ፣ ብትመለስ ሰው እንድታገኝ።

ተቀምጫለሁ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሳህን ደፍቼበታለሁ። ሳህኑ ላይ ደግሞ ጨው ማስቀመጫውን። እጄ ቢሰርቅ ድምፅ እንዲያሰማ።

ሽቦ መጣች። ሳህኑን አየችና አጠገቤ ተቀመጠች። ጥሪዎቹን ሰርዘሻል ወይ አልኳት። "የተወሰኑትን" አለች። የትኞቹን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

መቀስ ደወለ፣ እስካሁን የለችም። ዘለልኩ፣ ሽቦም ዘለለች፣ ጨው ማስቀመጫው ተደፋ። ሽቦ፣ መስመሩ ለሰላዩ ነፃ ይሁን፣ ሳታገኟት እንዳትደውሉ ብላ ለምና ዘጋችው።

ጥላው አጥሩን አለፈ። ሹራቧን ሳትለብስ ነው የወጣችው፣ እዚህ ወንበሩ ላይ ነው። አሁን ሆድ ብሷት ይሆን? ሰው ታናግር ይሆን? መንገድ ስታቋርጥ ግራና ቀኝ ታያለች? ትናንት አይታለች። ዛሬስ?

አሥራ አንድ ሰዓት።

ምንም።

አሥራ አንድ አለፈ። ሽቦ ጥፍሯን ትበላለች። "ትዘገያለች ብዬህ ነበር" አለችኝ።

"ምን ያህል ትዘገያለች?"

"አላውቅም። ሰሞኑን ብርድ ነው።"

ዕድሜዬን ሙሉ የሚዘገይ ሰው ስሳደብ ኖርኩ። አሁን ዘግይታ ነው በሉኝ እያልኩ እለምናለሁ። የሞተና የዘገየ ከዚህ ሆነው ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። እንዴት ነው የሚለየው? በመጠበቅ ብቻ። ሌላ መላ የለውም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብጫን... አይ። ሽቦ እጄን ይዛዋለች፣ በግራዬ ነው የምጽፈው፣ ነገ ማንበብ እንኳ

ሳህኑ ተንቀጠቀጠ

ኅዳር 18

ትናንት የቀረውን ልጻፍ።

መልእክቱ አንድ መስመር ነበር። ሽቦ ካርታው ላይ አየችው፤ ከከተማው ዳር፣ አውቶቡሶች የሚያድሩበት ግቢ። መቀስ ጋ ደወለች፣ እኛንም መንገድ ላይ ጠብቀው አነሱን። ያ ግማሽ ጢም ያለው ሰውዬ እንዴት እንደነዳ... ፊቱ ላይ አረፋው ደርቆ ነበር።

አለቃ የጥበቃው ቤት በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀምጣዋለች። የዘበኛው ኮት ትከሻዋ ላይ ነው። ዘበኛው እንደነገረን፣ በአውቶቡስ ነው የመጣችው፤ የመጨረሻው ፌርማታ ነው ውረጂ ሲሏት፣ "እንግዲያው እዚህ እጠብቀዋለሁ" ብላ ቁጭ አለች። ማንን ቢሏት አልመለሰችም።

ቀና ብላ አየችኝ። ጌታዬ እንዳትለኝ ብዬ ጸለይኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን አዘገየህ?"

መናገር አቃተኝ። እኔ። ቀልድ ስፈልግ አንድም አላገኘሁ። ጎንበስ ብዬ ጫማዋን አደረግኩላት፣ እግሯ እንደ በረዶ ነበር።

ሽቦ ቤት ስንገባ የሰላዩን ባትሪ ለካች። ራሷን ነቀነቀች። "አንድ ጥሪ ቢጨመር ኖሮ..." አለች። አትጨርሺው አልኳት።

ስትሄድ በር ላይ ቆመች። "ለእናቴ እኔ ምንም አልልም። እንዳልክ" አለችኝ። መቀስም አይናገርም። ዳኛዋ ሩቅ ናት፣ አትሰማም። ማንም አይሰማም።

ኅዳር 19

ደወልኩላት።

"ልጄ፣ እናትሽ ትናንት ወዲያ ጠፍታ ነበር።"

"ተገኘች?"

"አጠገቤ ናት። ይህን ጊዜ እውነቴን ነው።"

ሁሉን ነገርኳት። ቁልፏን፣ ባትሪውን፣ እንቅልፌን፣ ለሰፈሩ የምቀልደውን። ለአንድ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሳልቀልድ አውርቼ አላውቅም። እናትሽን ውሰጃት አልኳት። እዚህ ላይ ድምፄ ከዳኝ።

አለቀሰች። ዳኛዋ። ቆየች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠራርጋ፣ "ሁለታችሁንም ነው እንጂ" አለች። "አንተን ለማን ልተው፣ ለፀጉር አስተካካዩ?"

"ፀጉር የለኝም" አልኳት።

እያለቀሰች ሳቀች። ይህ ቤት ግን... ልጆቼ የተወለዱበት ነው። ይግባኝ አልጠየቅኩም።

ኅዳር 27

ዕቃ እየሸከፍን ነው። እኔ እከታለሁ፣ አለቃ ታወጣለች። አንድ ሻንጣ ሙሉ ቀን ፈጀ። አልተናደድኩም። ማለት፣ ብዙ አልተናደድኩም።

መቀስ ማምሻውን የፀጉር መቁረጫ ዕቃውን ይዞ ቤት ድረስ መጣ። በሌለኝ ፀጉር ላይ ረጅም ጊዜ መቀሱን ቀስ እያለ አመላለሰ። ብዙ አላወራንም።

ታኅሣሥ 9

ልጄ ቤት። መስኮቱ በሌላ በኩል ነው፣ ጠዋት ስነሳ እስካሁን ግድግዳ እገጫለሁ።

አለቃ ሆቴል ነው የያዝነው ብላ ታምናለች። "ክፍሉ ጥሩ ነው፣ አስተናጋጇ ግን ትጮኻለች" አለችኝ። ለዳኛዋ ነገርኳት፣ ትከፋለች ብዬ ፈርቼ። ፎጣ በክንዷ ላይ አጥፋ ገባች። "እመቤት፣ ሌላ የሚያስፈልግዎት ነገር አለ?" አለቃም፣ "ይሄን ሽማግሌ ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩልኝ" አለቻት። ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። ቀልዱን ከማን እንደወረሰች አውቃለሁ። እስከዛሬ የት ደብቃው እንደነበር ነው የማላውቀው።

ከምሳ በኋላ ሁለቱ ተያይዘው ወጡ። በየቀኑ ይወጣሉ። ለጎረቤቱ፣ ለባለሱቁ፣ ለትራፊኩ ሁሉ፣ እናቴ ናት፣ ታማለች፣ ብቻዋን ካያችኋት ያዙልኝ ብላ ነግራቸዋለች። እንዲህ ቀላል ነገር።

ሰላዩ አለቃ ቀበቶ ላይ ነው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይነቃል፣ ይናገራል፣ ይተኛል። የሚናገረው ለስልኬ ነው። ስልኬ የኮቴ ኪስ ውስጥ ነው፣ ኮቱ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

ሽቦ በልጄ ስልክ ትናንት ደውላ ነበር።

"ባትሪው ስንት ደረሰ አባባ?"

"አላየሁም።"

"ዛሬ ነው ያላየኸው?"

"አላየሁም አልኩሽ።"

ያኔ፣ "ጎበዝ" አለችኝ፣ መራመድ እንደጀመረ ሕፃን።

ዛሬ ግን ትንሽ ቆዩ። ደመናው ከብዷል። ጃንጥላ ይዘው ወጥተዋል? ልቤ እንደ ድሮው መሮጥ ጀምሯል፣ እሱን አላስተኛሁትም፣ የሚተኛም አይመስለኝም። ኮቱ ከዚህ ይታየኛል።

ይታየኝ።

የውጭው በር ድምፅ ሰጠ። እነሱ ይሆናሉ። ካልሆኑም ይመጣሉ።